የነገሥታት ጋብቻ በልብ ወለድና በታሪክ

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲቃረብ በነበረው አንድ እሑድ፥ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ጠበል ጠጥቶ ሲሰናበት፥ በከሚሴ ከተማ የምናውቃቸው አንዲት እናት ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆመው ጠበቁን። የእግዚአብሔርን ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው፥ «መምህር፥ ልጄን ያጠፋብኝ እርስዎ ያስነበቡት መጽሐፍ ነው» አሉን። ነገሩን እንዲያስረዱን ለመንናቸው።

ልጃቸው የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። አስተዋይና ንባብ የምትወድ ልጅ ስለ ሆነች እኛም በክፍል ውስጥ ደጋግመን አመስግነናታል። ለካ ይህች ልጅ ከአንድ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ጋር በልብ ተዋድዳ ኖሯል። እናቲቱ ነገሩን ደርሰውበት ቢያለቅሱ፥ ልጅቱ ሳትደነግጥ፥ «እማዬ፥ ምን ያስለቅስሻል? የጦቢያ ንጉሥ ስለ ወደዳት ተጠምቆ የለም? እሱም ይጠመቃል» ብላ መለሰችላቸው።

ከሚሴን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከቦርከና ወንዝ አጠገብ ያለች፥ በዐማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ሕዝቧ በብዛቱ ሙስሊም ሲሆን የክርስቲያኑ ቍጥር ጥቂት ነው፤ ኦሮምኛውና ዐማርኛው በአንድ ገበያ ይሰማል። የሰንበቴን የእሑድ ገበያና የባቲን የሰኞ ገበያ ሁለቱም ወገን አብሮ ይውልበታል፤ ለቅሶም ሲሆን አንዱ ካንዱ ደጅ አይቀርም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በሰንበቴ አካባቢ ደም በፈሰሰ ጊዜ ይህ ጉርብትና ክፉኛ ተፈትኗል። ስለዚህ እናቲቱ ሲናገሩ ድምፃቸው የተንቀጠቀጠው ስለ ሃይማኖት ብቻ እንዳልሆነ ገብቶናል። ልጅ ልጅን ወደደ ሲባል በሌላ አገር የሁለት ቤት ጉዳይ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን የሁለት ሰፈር ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

መጽሐፉን ያስነበብን እኛው ነን፤ አንክድም። «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለው፥ በኋላም «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ይህ መጽሐፍ፥ የጣና ዳር የዘጌ ተወላጅ የሆኑት አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጽፈውት በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ታተመ። በዐማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለድ መጻሕፍት የመጀመሪያው እርሱ ስለ ሆነ ማንኛውም የዐማርኛ መምህር ሊያልፈው አይችልም። ታሪኩ የሚነገረው ክርስቲያኑና አረመኔው ይዋጉበት ስለ ነበረ ስለ አንድ ጥንታዊ ዘመን ነው። ዋሕድና ጦቢያ መንታ ናቸው፤ ዋሕድ ማርከው የወሰዱትን አባቱን ዋጅቶ የመለሰለትን ሰው ውለታ ለመክፈል ከቤቱ ይወጣል፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። ከብዙ መከራ በኋላ የአረመኔው ንጉሥ የጦቢያን ሴትነት ዐውቆ ይወድዳታል፤ ክርስትናን ተቀብሎም ያገባታል። ዋሕድ ደግሞ የንጉሡን ዘመድ ያገባል። ጦርነቱ ይቀራል፤ ሠርግ ይሆናል፤ መጽሐፉም ይፈጸማል።

እኛ ይህን ስናስተምር የቋንቋውን ውበት፥ የአነጋገሩን ቅልጥፍና፥ የደራሲውን የምሳሌ ብዛት በሰፊው አስረዳን። ወደ ሠርጉ በደረስን ጊዜ ግን «ፍቅር ሁለቱን ሕዝብ አስታረቀ» ብለን መጽሐፉን አጠፍን። በዚያው ዕለት ከኋለኛው ወንበር የተቀመጠች ሻሽ ያሠረች አንዲት ሙስሊም ተማሪ እጇን አውጥታ፥ «መምህር፥ በእውነተኛው ታሪክስ ሃይማኖቱን የሚለውጠው ንጉሡ ነበር ወይስ ሙሽራይቱ?» ስትል ጠየቀችን። ደወል ስለ ተደወለ ሳንመልስላት ወጣን። ደወሉ ባይደወልም መልሱ በእጃችን አልነበረም።

እናቲቱ ከወቀሱን በኋላ ግን የዚያች ልጅ ጥያቄ ዕረፍት ስለ ነሣን፥ ዜና መዋዕሎቹንና ገድላቱን እንደ ገና ወደ መግለጥ ተመለስን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ያገኘነውን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር ናቸው።)

ስለ ነገሥታት ፍቅር የሚናገረው የመካከለኛው ዘመን ታላቁ መጽሐፋችን ክብረ ነገሥት ነው። መጽሐፉ አሁን በምናውቀው መልክ በግእዝ የተዘጋጀው በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ እጅ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ይህ ዘመን ዐፄ ዐምደ ጽዮን የነገሡበት፥ በ1324 ዓ.ም.ም ከይፋት ሱልጣን ከሰብረ ዲን ጋር ጦርነት የገጠሙበት ዘመን ነው፤ ይህም የእኛው ቆላና የእኛው ደጋ የተገናኙበት ጦርነት ነበር። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ነገር የማያውቅ ክርስቲያን የለም፤ በየግድግዳው በተሰቀለው ሥዕል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይታያል። ሰሎሞን ንግሥቲቱን ሳይነካት እንዲያድር ምሎላት ነበር፤ እርስዋም በፋንታዋ ከቤቱ ያለውን ነገር እንዳትወስድ ማለች። እርሱ ግን የሚያስጠማ ምግብ አብልቶ ውኃ በአጠገቧ አኖረ። በሌሊት ተነሥታ ውኃውን ስታነሣ መሐላሽን አፈረስሽ አላት። ልጆቻችን ይህን ክፍል ሲሰሙ ይሥቃሉ፤ እኛም በልጅነታችን ሥቀናል። ዛሬ ግን የሴት ልጅ አባት ሆነን ስናነበው ሣቁ አይመጣልንም። የጥንቱ ጸሐፊ ግን ብልሃቱን ሳይሸፋፍን ጽፎታል፤ ንግሥቲቱም የሰሎሞን እልፍኝ ውስጥ አልቀረችም፤ ወደ አገሯ ተመልሳ ነግሣለች። ይህን ለጸሐፊው ምስጋና እንቈጥርለታለን።

አሁን ወደ ተማሪዪቱ ጥያቄ እንመለስ። መልሱ አጭር ነው፤ የለወጠችው ሙሽራይቱ ናት።

ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) የሐድያውን ገዥ የገራድ መሐመድን ልጅ አገቡ። ሐድያ ለክርስቲያኑ መንግሥት ግብር የሚከፍል፥ ገዦቹ ሙስሊም የሆኑ አገር ነበር። ልጅቱ በክርስትና እሌኒ ተብለው «ቀኝ በዓልቴሐት» የሚባለውን የእቴጌነት ማዕርግ አገኙ። ይህ ጋብቻ የውል ማኅተም ነበር፤ ፈረስና ወርቅ በሚሄድበት መንገድ ልጅም ሄደች። ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር በሠርግ ከሚፈጸም መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። የመሐመድ ልጅ የነበረው ገራድ ማሒኮ ግብር አልከፍልም ብሎ ዐመፀ፤ ዘመዳቸው ባሞ ደግሞ ከንጉሡ ጎን ቆመ። እንግዲህ እሌኒ በአንድ ወገን ባል፥ በሌላው ወገን ወንድም፥ በመካከሉም የተከፈለ የአባት ቤት ነበራቸው። ማሒኮ በዚያ ጠብ ጠፋ። በዚያች ሌሊት እሌኒ በእልፍኛቸው ምን እንዳሉ ዜና መዋዕል ጸሐፊው አልጻፈም፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ የሚያስፈልገው በዚህ ቦታ ነበር።

ቤተ መንግሥቱም የተድላ ቤት ብቻ አልነበረም። ከከሚሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲደርስ አውቶቡሱ ለምሳ ይቆማል። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ያቋቋሟትና ለብዙ ዓመታት የተቀመጡባት ከተማ ይህች ናት። ሌላይቱ ሚስታቸው ጽዮን ሞገሣ ለልጃቸው ለበእደ ማርያም ዙፋን ይመኛሉ ተብለው ተጠርጥረው ተገረፉ፤ ከግርፋቱም የተነሣ ሞቱ። የተቀበሩት በዚያው በደብረ ብርሃን አጠገብ በመቅደሰ ማርያም በስውር ነው። እኛ ብዙ ጊዜ በዚያ ስናልፍ ሽሮ በልተን፥ ሻይ ጠጥተን መንገዳችንን ቀጥለናል። ስለ ጽዮን ሞገሣ ያነበብነው በአርባ ዓመታችን ነው ብንል አንዋሽም።

በእደ ማርያም በነገሡ ጊዜ እናት አልባ ነበሩ፤ እሌኒ ደግሞ ልጅ አልወለዱም። ንጉሡ እሌኒን በእናታቸው ፋንታ አክብረው በቤተ መንግሥቱ ውስጥ አጸኗቸው። ዜና መዋዕሉ ስለ ሃይማኖታቸው፥ ስለ ሕግ ዕውቀታቸው፥ ስለ ማዕድ አዘገጃጀታቸው ሳይቀር ያመሰግናቸዋል። እኛ ከዜና መዋዕሎቹ ሁሉ ይህን ክፍል ወደድነው። ፍቅር የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ብቅ ይላል፤ ነገር ግን በሙሽራና በሙሽሪት መካከል አይደለም፤ እናቱን በተነጠቀ ልጅና ልጅ ባልሰጣት ትዳር ውስጥ ባረጀች ሴት መካከል ነው።

እሌኒ እጅግ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ በነገሡ ጊዜ መንግሥቱን በሞግዚትነት የመሩት እርሳቸው ናቸው። በጎጃም በእነብሴ የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፤ ስለ ሃይማኖትም ሁለት መጻሕፍት እንደ ደረሱ የፖርቱጋል ጸሐፊ ዘግቧል። የባሕሩ ጠረፍ በቱርክ እጅ እንዳይወድቅ ሠግተው ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላኩ፤ መልእክተኞቹ በ1512 ዓ.ም. ምጽዋ ደረሱ። በዚያ በላኩት ደብዳቤ ውስጥ፥ የሁለቱ ነገሥታት ልጆች እርስ በርሳቸው ቢጋቡ እንደሚወድዱ ገልጸዋል። ይህን ያነበብን ጊዜ መጽሐፉን ከጕልበታችን ላይ አኑረን ዝም አልን። ሳይጠየቁ የተሰጡት ልጅ፥ በእርጅናቸው የሰውን ልጅ ለመስጠትና ለመቀበል ይደራደሩ ነበር። ዘመኑ እንዲህ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኛም እንፈርድባቸው ዘንድ አልተቀመጥንም።

ሐሳቡም በእሌኒ አልተጀመረም። ዐፄ ይስሐቅ ወደ አራጎን ንጉሥ ወደ አልፎንሶ ልከው ነበር፤ በ1420 ዓ.ም. ገደማም የአራጎን ንጉሣዊት ልጅ ለይስሐቅ፥ የአራጎን ልዑል ደግሞ ለይስሐቅ ልጅ እንዲጋቡ ተመክሮ ነበር። ጋብቻው አልሆነም። ባሕር ተሻግራ በግመል ወደ ሸዋ የምትመጣ የስፔን ልዕልት ለደራሲ እጅግ የምትመች ናት፤ እስከ ዛሬ ግን ታሪኳን አላነበብንም።

የቤተ ክርስቲያን ድምፅስ የት ነበር ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ዐፄ ዐምደ ጽዮን በጋብቻ ነገር ሕግ በተላለፉ ጊዜ እነ አባ በጸሎተ ሚካኤል፥ እነ አባ አኖሬዎስ ፊት ለፊት እንደ ገሠጿቸው፥ ስለዚህም እንደ ተገረፉና እንደ ተሰደዱ ገድላቱ ይመሰክራሉ። ፍትሐ ነገሥትም በ24ኛው አንቀጽ ስለ ጋብቻ ሲደነግግ የሁለቱን ተጋቢዎች ፈቃድ ይሻል። በትውፊት እንደሚነገረው ይህ መጽሐፍ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዚያው በዘርአ ያዕቆብ ዘመን ነው። እንግዲህ ሕጉ በመደርደሪያ ላይ፥ እሌኒ በእልፍኝ፥ ጽዮን ሞገሣም በመቃብር በአንድ ዘመን ተገኝተዋል ማለት ነው።

ከእሌኒ ሞት በኋላ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ በአዳልና በክርስቲያኑ መንግሥት መካከል ታላቁ ጦርነት ተነሣ። ከከሚሴ ብዙ ሳይርቅ፥ በደጋው ጫፍ በአንጾኪያ፥ በ1523 ዓ.ም. የክርስቲያኑ ጦር ተሸነፈ። ስለ ኢማም አሕመድ፥ አባቶቻችን ግራኝ ስለሚሉት፥ በቤታችን ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ሚስቱ ግን ጥቂት ነው። ባቲ ድል ወንበራ የዘይላው የኢማም መሕፉዝ ልጅ ነበሩ። («ባቲ» የክብር መጠሪያቸው ነው፤ ተማሪዎቻችን ሁልጊዜ ከባቲ ገበያ ጋር ያምታቱታል።) ወታደሮቹ ሴት ወደ ጦር ሜዳ አትሂድ ብለው ቢያጕረመርሙም ባላቸውን ተከትለው ዘመቱ፤ በዘመቻውም ላይ ወለዱ። በሌላው ወገን እቴጌ ሰብለ ወንጌል ነበሩ። ታላቁ ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነት ሞተ፤ ሚናስ በ1531 ዓ.ም. ተማረከ፤ ባላቸው ልብነ ድንግልም በስደት ዐረፉ። እቴጌይቱ በደብረ ዳሞ ተራራ ላይ ተጠግተው ቈዩ፤ የፖርቱጋል ወታደሮች በመጡ ጊዜም በገመድ ከተራራው ወርደው ከሠራዊቱ ጋር ተጓዙ።

በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ኢማሙ ሲሞት የድል ወንበራ ልጅ መሐመድ በክርስቲያኖቹ እጅ ወደቀ። ሚናስ ደግሞ አስቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ለየመኑ የቱርክ ገዥ በስጦታ ተሰጥቶ ነበር። አንዲቱ መበለት ልጇ በጠላት ድንኳን ነው፤ ሌላይቱ መበለት ልጇ በባዕድ አገር ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ እናቶች ተላላኩ። ድል ወንበራ ወደ የመን ልከው ሚናስን አስመለሱ፤ ሰብለ ወንጌልም መሐመድን ለእናቱ አስመለሱ። በጦር ሜዳ ለዐሥራ አምስት ዓመት ያልተገኘው ውል በሁለት እናቶች መልእክት ተገኘ። ሚናስም ኋላ በ1551 ዓ.ም. ነገሡ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ እንደ ልብ ወለድም ባማረ። ነገር ግን ድል ወንበራ የባላቸውን ደም ሊመልስ የወደደውን የሐረሩን ኑርን አገቡ። እርሱም በ1551 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገደለ። ገላውዴዎስ የሰብለ ወንጌል ልጅ ናቸው። ልጃቸውን ያስመለሱላቸው እናት፥ ሌላ ልጃቸውን ያሳጣቸውን ሰው አገቡ ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቻችን ስንነግር አንዱ፥ «እንግዲህ ማንን እንውደድ?» አለን። እኛም ሁለቱንም ሴቶች እንደ ወደድናቸው ተናዘዝን፤ ክፍሉ ሣቀብን።

ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፈን ለዚያች እናት ሰጠናቸው፤ ከልጃቸው ጋር በአንድነት እንዲያነቡትም ለመንናቸው። ልጅቱንም አስጠርተን በእናቷ ፊት አነጋገርናት። የጦቢያን መጽሐፍ አላወገዝንም፤ ደራሲው የተመኘውን ጻፈ፤ ምኞቱም ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ጥምቀት የሠርግ ዋጋ ሆኖ እንደማይከፈል ነገርናት። ሰው የሚጠመቀው ክርስቶስን አምኖ ነው፤ ልጅቱን ፈልጎ የተጠመቀ ልጅቱ ባዘነችበት ቀን ጥምቀቱን ምን ያደርገዋል? በተክሊል የሚጋቡትም በአንድ ሃይማኖት ያሉ፥ ሁለቱም የፈቀዱ ናቸው። ልጅቱ አቀርቅራ ሰማችን። ከዚያም ቀና ብላ፥ «መምህር፥ የእሱም እናት ይህንኑ ተገላብጦ ለእሱ ትነግረዋለች» አለችን። እውነት ስለ ተናገረች መልስ አልሰጠናትም። እናቷ ግን ድንገት እንዳስታወሰ ሰው ቀና ብለው ተመለከቷት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በገበያ ቀን እናቲቱን አገኘናቸው። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ አጫወቱን። ልጃቸው ሳታውቅ ወደ ልጁ እናት ቤት ሄደው ነበር። ሴትዮዋ እንግዳዪቱን ባዩ ጊዜ ለጠብ የመጡ መስሏቸው ደንግጠው ነበር፤ ከዚያ ግን ወንበር ሰጥተው ቡና አፈሉ። እስከ አቦል ድረስ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብቻ ተነጋገሩ። በሁለተኛው ግን የልጁ እናት ራሳቸው ነገሩን አነሡት፤ እርሳቸውም ከወር ጀምሮ እንቅልፍ አጥተው ኖሯል። ሁለቱም ልጆች የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና እስኪፈጽሙ ድረስ ከሁለቱም ቤት ማንም ክፉ ቃል እንዳይናገር፥ ወንድሞችም እንዳይሰሙ ተስማሙ። «ከዚያ በኋላስ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ከዚያ በኋላማ እንደ ገና ቡና እንጠጣለን» አሉና ዘንቢላቸውን አንሥተው ወደ በርበሬው ተራ ሄዱ።